ስዘለው የኖርኩት ቃል

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ነው፤ የሐዋርያት ጾም በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ። ደገኛው ጃንጥላ ይዞ በሚወጣበት በዚያ ወር እኛ አዋሽ ላይ አንሶላ በውኃ ነክረን ለብሰን እንተኛ ነበር።

ያን ጊዜ አዋሽ ሰባት አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ሰመራ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጃችንን ሶልያናን ይዤ ወደ እርሱ እሄዳለሁ፤ ሊከፈት ሲል እመለሳለሁ። ሶልያና አራት ዓመቷ ነበር። ብዙ ዓመት ለምነን፣ ተስፋ ቆርጠን፣ እንደገና ለምነን ያገኘናት ልጅ ናት። ስለ እርሷ ብዙ አላወራም። ስሟን ስጠራ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዳዊት እደግማለሁ። አባቴ እንዳስተማረኝ፣ በየዕለቱ የዕለቱን። የቅዳሜው ከመቶ ሠላሳ አንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ነው። በዚያ ውስጥ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ስላለቀሱት ምርኮኞች የሚናገረው መዝሙር አለ። እንደ እርሱ የምወደው የለም። መጨረሻው ላይ ግን ዳዊት የሚደግም ሁሉ የሚያውቀው ቃል አለ። የባቢሎንን ሕፃናት ይዞ በዓለት ላይ የሚፈጠፍጣቸው ምስጉን ነው ይላል።

ሶልያናን ከመውለዴ በፊት ይህን ቃል እንደ ሌላው አነብበው ነበር። ክርስትና ካስነሳኋት ብዙም ሳይቆይ ግን፣ አንድ ቅዳሜ ጭኔ ላይ አስተኝቻት ስደግም እዚያ ቃል ላይ ደረስኩ። አንድ እጄ መጽሐፉን፣ አንድ እጄ ጭንቅላቷን ይዟል። እርግብግቢቷ ከመዳፌ ሥር ትር ትር ይላል። ያን ቀን ዘለልኩት። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ዘለልኩት። ከዚያማ ልማድ ሆነ። መዝለሌ ብቻ አይደለም፤ ተቀይሜ ነበር። በቃሉ ይሁን በቃሉ ባለቤት፣ ለይቼ አላውቅም።

አዋሽ ላይ የንስሐ አባቴ የሆኑ መሪጌታ ነበሩ። ጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ ይህ ቃል እንዴት ጸሎት ይሆናል?»

«ባቢሎን ኃጢአት ናት፣ ልጄ» አሉኝ። «ልጆቿ ክፉ ሐሳቦች ናቸው። ዓለቱ ክርስቶስ ነው። ክፉ ሐሳብን ገና ሕፃን ሳለ፣ ሳይጎለምስብሽ፣ በክርስቶስ ላይ ጣይው ነው የሚልሽ።»

«እሺ የኔታ። እኔ ግን እናት ነኝ። ሕፃን ሲባል ሕፃን ነው የሚታየኝ።»

ሳቁ። «እንግዲያው ዝለዪው። ብቻ አትቅደጂው። ያልገባሽን ቃል ቦታው ላይ ተዪለት።»

እሺ ብዬ ሄድኩ። አልቀደድኩትም። መዝለሉን ግን ቀጠልኩ። ያን ቅዳሜም ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ የዕለቱን ደገምኩ፣ እዚያ ስደርስ ዘለልኩ፣ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ልጄን አዝዬ ወደ መኪና ሄድኩ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ከኋላ ወንበር ከአንዲት ሴት ጎን ተቀመጥኩ። ዘይነባ ትባላለች። የወሎ ሰው ናት፤ ሰመራ ሱቅ አላት። ገና አዋሽ አርባን ሳናልፍ ሶልያና እርሷ ጭን ላይ ወጥታ ሻሿን እየጎተተች ትስቅ ነበር። ዘይነባን መኪና ያማታል። የማቅለሽለሽ ክኒን ውጣ ሎሚ እያሸተተች ነው የምትጫወተው።

ገዋኔ ስንደርስ ረፋዱ አልፏል። ሹፌሩ ለምሳ አቆመ። እዚያ መንገድ የተመላለሰ ያውቃል፤ መኪና ምሳ ሲቆም ተሳፋሪው ሳይነጋገር ለሁለት ይከፈላል። ሙስሊሙ ወደ ሙስሊም ቤት፣ ክርስቲያኑ ወደ ክርስቲያን ቤት። ሚኒባሱ የቆመው ሙስሊም ቤቱ በር ላይ ነው። ሹፌሩም አብዛኛው ሰውም እዚያው ገባ። የክርስቲያን ቤቱ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ከቆሙት ከባድ መኪኖች ጀርባ ነው። ከእኛ ወገን የነበሩት ሁለት ሰዎች ገዋኔ ወራጅ ስለነበሩ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። ለክርስቲያን ቤት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሶልያና ዘይነባ ጭን ላይ ተኝታለች። ላነሳት ስል ዘይነባ እጄን ያዘችኝ።

«ተያት እባክሽ፤ እንዴት ደስ ብሏት ተኝታለች! እኔ እንደሁ ሆዴ ዛሬ ምንም አይቀበል። አንቺ ብዪና ነዪ።»

«አይከብድሽም?»

«ኧረ በአሏህ! ስድስት ልጅ ወልጃለሁ እኮ። ይሄ ጉልበት የሕፃን አልጋ ነው።»

ቦርሳዬንም ስልኬንም እዚያው ትቼ፣ መቀነቴ ውስጥ ያለውን ትንሽ ብር ይዤ ተሻገርኩ። ምግቡ ዘገየ። ጥሩንባ ሰምቻለሁ፤ ግን ገዋኔ ላይ የማይጮህ መኪና የለም። በልቼ፣ ለሶልያና ዳቦ አስጠቅልዬ ወጣሁ።

ሚኒባሱ የለም።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ያቆመ መሰለኝ። ወዲህም ወዲያም አየሁ። ሙስሊም ቤቱ በር ላይ ባለቤቷ ወንበር ትሰበስባለች።

«እዚህ የቆመው መኪናስ?»

«ሄደ እኮ! ቆየት አለ። የጎደለ አለ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ዝም ሲሉት ነዳ።»

«ልጄ ውስጥ ናት!»

ወንበሩ ከእጇ ወደቀ። እኔ እየጮኽኩ በአስፋልቱ ላይ እሮጣለሁ። የት እንደምሮጥ አላውቅም። በኋላ እንደሰማሁት ሹፌሩ በመስታወት ወደ ኋላ ሲያይ ዘይነባንና ልጄን አይቷል። እናትና ልጅ አሉ አለ በልቡ። ሁለት ሰዎች እንደወረዱ ስለሚያውቅ ባዶ ወንበርም አላስደነገጠውም። ዘይነባ ደግሞ ክኒኑ ወስዷት ከልጄ ጋር ተኝታለች።

ከቆሙት ከባድ መኪኖች አንዱ ሊነሣ ሲያጓራ ፊቱ ቆምኩ። ሹፌሩ ሽበት ያለው ሰው ነው፤ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«እንዴ ሴትዮ! መሞት ካማረሽ ሌላ መኪና ፈልጊ!»

«ጋሼ፣ ልጄን ይዞብኝ ሄደ! ነጭ ሚኒባስ! ወደ ሰመራ!»

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። በሩን ከፈተ። «ውጪ» አለኝ። ጋሽ ተፈሪ ይባላል። ባዶውን ወደ ጂቡቲ የሚወርድ ነበር። «አይዞሽ፤ ይቺ መኪና ጭነት ሲኖርባት ኤሊ ናት፣ ባዶዋን ስትሆን ግን ፈረስ ናት። እንይዘዋለን» አለኝና ረገጠው።

የባለቤቴን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። በጋሽ ተፈሪ ስልክ ደወልኩ። መስክ ላይ ነበር፤ አይሠራም። የራሴ ስልክ ላይ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም ይላል። ደግሜ ደወልኩ። ጋሽ ተፈሪ ስልኩን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደ።

«ከዚህ በኋላ እስከ ሚሌ ድረስ ይሄ ስልክ ሰዓት ማያ ነው። ጸልዪ ይልቅ።»

ልጸልይ ሞከርኩ። «በሰማያት የምትኖር» ብዬ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። ስትነቃ የሚያለቅሰው ፊቷ ይመጣብኛል። ያቺ ሴትዮ ማን ናት? ስሟን እንጂ ምኗን አውቃለሁ? ሱቅ አለኝ አለችኝ እንጂ ሱቋን አይቻለሁ? መንገዱ ዳር ጎማው የፈነዳ አይሱዙ ቆሟል፤ አጠገቡ ሰው የለም፤ እንደ ሌላው ነገር በመስኮት አለፈ። ፊቴ ያለው አስፋልት እንደ ውኃ ይብለጨለጫል። ያንን ሹፌር አሰብኩት። ጀርባውን ብቻ ነው የማውቀው። ወፍራም ማጅራት። ያን ማጅራት እያሰብኩ ከውስጤ አንድ ቃል መጣ። ልጸልይ ስፈልግ ያልመጣልኝ ቃል፣ እርሱ ብቻ፣ አንድም ሳይጎድል መጣ።

ሕፃናቶችሽን ይዞ በዓለት ላይ የሚፈጠፍጣቸው...

ደነገጥኩ። አራት ዓመት ሙሉ ስዘለው የኖርኩት ነው። ግን ዝም ሊል አልቻለም። በጎማው ድምፅ ልክ እየተደጋገመ ይመጣል። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አላስቆምኩትም። አጽናናኝ። ያ ሰው ልጆች ይኖሩታል፤ ልጆች ያሉት ሰው ደግሞ የሚጎዳው በዚያ ነው፤ እኔን በጎዳኝ በዚያው።

ሚሌ ኬላ ላይ መኪና ተሰልፎ ጠበቀን። ጋሽ ተፈሪ ሳያቆም በሩን ከፍቼ ነበር። «ቆይ! ትሞቺያለሽ!» ሲለኝ ወርጄ እየሮጥኩ ነው። ከሰልፉ ጎን ለጎን ሮጥኩ። ነጭ ሚኒባስ አየሁ፤ አይደለም። ሌላ አየሁ፤ እርሱ ነው! የኋላውን መስኮት በሁለት እጄ ደበደብኩ። ሰዎች ዞሩ። የእኔ ወንበር ባዶ ነው። የዘይነባም ባዶ ነው። ወንበሩ ሥር የሶልያና አንድ እግር ጫማ ተገልብጦ ይታያል።

«ልጄስ? ልጄስ?»

ሹፌሩ ወረደ። ሰይድ ይባላል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«እህቴ፣ ወላሂ... ወርደዋል። ወደ አንቺ መልሻቸዋለሁ።»

«የት ነው የወረዱት?»

«መንገድ ላይ። ሕፃኗ ነቅታ ስታለቅስ ነው ያወቅነው። የማውቀው አይሱዙ ወደ ገዋኔ ሲመለስ አቁሜ ሰጠኋቸው።»

«በረሃ ላይ? ልጄን በረሃ ላይ አወረድካት?»

ሴትዮዋ ራሷ «አደራ ነው የበላሁት፤ አውርደኝ፣ ይዣት እመለሳለሁ» ብላ እንደለመነችው ያን ጊዜ አላወቅኩም። እርሱም ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት እኔ እየጮኽኩ ነበር። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «እንዲህ ያለውን ሰው መንጃ ፈቃዱን መቀማት ነው» ይላል። ሌላው ሸሚዙን ይዞታል። ሰይድ ወደ ኋላ እያፈገፈገ መኪናው በር ላይ ተደገፈ። አሁን ገብቶ በሩን ዘግቶ እንደሚሄድ ታየኝ። ኬላው ሊከፈትለት ነው፣ ተራው ደርሷል።

በክፍቱ በር ውስጥ ፎቶግራፍ አየሁ። በላስቲክ የታሸገ፣ ከመስታወቱ ሥር የተንጠለጠለ። ሁለት ሕፃናት። ወንዱ የአባቱ ኮፍያ ዓይኑን ሸፍኖታል። ሴቷ ጉንጮቿን ነፍታ፣ ጥርስ የሌለው ድዷን እያሳየች ትስቃለች።

እጄ ወደ ፎቶው ተዘረጋ። እኔ ያዘዝኩት አይመስለኝም። ሰይድ እጄን ተከትሎ አየ፤ ምን ልል እንደሆነ ገባው። የእናት እርግማን ምን እንደሆነ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም፤ ሃይማኖት አይለይም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እህቴ፣ በአሏህ ይዤሻለሁ» አለ። ሸሚዙን የያዘው ሰው ለቀቀው።

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ሙሉውን። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ቃሉን ሳይሆን ቃሉን የተናገረውን ሰው። በወንዝ ዳር የተቀመጠ ምርኮኛ ነው። ልጁን በዓይኑ ፊት በድንጋይ ላይ የፈጠፈጡበት ሰው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ልጄን ታቅፌ፣ ጠግቤ፣ ከላይ ሆኜ የፈረድኩበት ሰው! ያ ሰው ግን ይህን ቃል ለማን ነው የተናገረው? ለባቢሎን ሰው አልተናገረውም። ሰይፍም አላነሣም። በገናውን ሰቅሎ፣ አልቅሶ፣ ለእግዚአብሔር ነው የተናገረው። ከዚያ ሌላ የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም።

ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄን ከፎቶው ላይ አነሣሁ። በልቤ መዝሙሩን ከጀመረበት ጀመርኩ። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ብዬ ወረድኩ። እዚያ ቃል ስደርስ አልዘለልኩትም። «ጌታዬ፣ ይሄ በሆዴ አለ፤ እነሆ፣ ላንተ ነው የምለው» አልኩና አልኩት። የኔታ ያሉኝ ያን ጊዜ ገባኝ። በእኔ ውስጥ የተወለደው ገና ሕፃን ነበር፤ ገዋኔና ሚሌ መካከል የተወለደ። ከዚያ በላይ ባሳድረው ኖሮ ያድግ ነበር። ዓለቱ ላይ ጣልኩት።

ዓይኔን ስገልጥ ሰይድ እንደቆመ ነው።

«ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ» አልኩት። «ልጄ ያለችበት ውሰደኝ።»

ሰውየው አለቀሰ። ወንድ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እያለቀሰ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረ። «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ! ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጓደኛዬ ነው፣ እሱ ያደርሳችኋል!» አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሻንጣ እየተቀባበሉ ወረዱ። ጋሽ ተፈሪ ደርሶ «ምን ሆነ?» ሲል እኛ መሪውን ጠምዝዘን ወደ መጣንበት ዞረናል። በመስኮት እጄን አውለበለብኩለት። እስከ ዛሬ ድረስ አላገኘሁትም። እግዚአብሔር ይስጠው።

ሰይድ ለአይሱዙው ሹፌር ደወለ። ጥሪ አይቀበልም። «ገዋኔ ደርሰው ይሆናል» ይላል። «ኢንሻአላህ ደርሰዋል።» እኔ ጫማዋን ይዣለሁ። በፍጥነት እየበረርን ሳለ ድንገት ፍሬን ያዘ። መንገድ ዳር፣ ግራር ሥር፣ ግመል የሚጠብቁ አፋሮች ተቀምጠዋል።

«ለምን ታቆማለህ? ንዳው እባክህ!»

«እህቴ፣ እነሱ ሳያውቁት በዚህ አስፋልት የሚያልፍ ነገር የለም። ኔትወርኩ እዚህ ነው ያለው» አለኝና ወረደ።

ዳጉ ይሉታል። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ፤ ከየት እንደመጡ፣ ማንን እንዳገኙ፣ የት እንደዘነበ፣ ማን እንደታመመ። ያልተጨመረበት፣ ያልተቀነሰበት። መስማት የፈለገ አስቀድሞ መስጠት አለበት፤ መቸኮልም ነውር ነው። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ጊሌ የሚሉትን ጩቤያቸውን ወገባቸው ላይ አስተካክለው የሰይድን እጅ ያዙ። ሰላምታው ብቻ አንድ ዓመት መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ከመጀመሪያው ተናገሪ ይላሉ» አለ ሰይድ።

«ልጄ ጠፍታለች በላቸው!»

«ብያቸዋለሁ። ከመጀመሪያው ይላሉ። ከየት ተነሣሽ?»

እኔ ነገር የማላበዛ ሴት፣ እዚያ ግራር ሥር እንደ ተማሪ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። አዋሽን፣ ዘይነባን፣ ገዋኔን፣ ምሳውን። ምን በላሽ ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ሚሌ ላይ ስደርስ ሰይድን አቋረጡትና የሆነ ነገር ጠየቁ። ሰይድ ለመተርጎም ዘገየ።

«ምን አሉ?»

«ልጅሽን ላሳጣሽ ሰው ምን አልሽው ይላሉ።»

«ልጆችህ ይደጉ አልኩት።»

አዛውንቱ ሰይድን አዩት። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ «እውነት ነው» አለ፤ በእነርሱ ቋንቋ ቢሆንም ገባኝ። ከዚያ ራሳቸው በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየለቀሙ ተናገሩ።

«መኪና ጎማ ሞተ። ሹፌር ጎማ ፍለጋ ገዋኔ ሄደ። ሴት፣ እስላም፣ ሻሽ ያላት፣ ሕፃን አዝላ ፀሐይ ላይ ቆመች። የእኛ ልጆች አዩ፣ ወደ ቤት ወሰዱ። ሕፃን ቢጫ ቀሚስ አላት። በዚህ እግር ጫማ የለም።» የቀኝ እግራቸውን በዱላቸው ነካ አደረጉ። «ወተት ጠጣች። ሁለት ጊዜ።»

እልል አልኩ! ግመሎቹ ደንግጠው ዘለሉ። ሰዎቹ ሳቁ። የአዛውንቱን እጅ ልስም ጎንበስ ስል እጃቸውን ሰብስበው «ሂጂ፣ ሂጂ!» አሉኝ።

ያ ጎማው የፈነዳ አይሱዙ! ልጄ ከእርሱ ወርዳ በአቅራቢያው ተቀምጣ ሳለ አጠገቧ በሮ ያለፈው እኔ የተሳፈርኩበት መኪና ነው። ባንቆም ኖሮ ደግመን እናልፋት ነበር። አስፋልቱን ለቀን፣ ከጉብታው ጀርባ ዞርን። የሰሌን ቤቶች ታዩ። ሚኒባሱ ሳይቆም ዘይነባ በባዶ እግሯ ስትሮጥ አየኋት። ሻሿ ወልቆ አንገቷ ላይ ነው።

«አፉ በይኝ! እህቴ፣ አፉ በይኝ! ተኛሁ፣ እኔ አላህ የጣለኝ ተኛሁ!»

አቅፌ ያዝኳት። ያ ሁሉ ክፉ የጠረጠርኳት ሴት ናት። እግሯ በትኩስ ድንጋይ ቆስሏል።

«የታለች?»

«ያውልሽ! እኔ ስሞት እሷ ሠርግ ላይ ናት!»

ሶልያና ጥላው ውስጥ ከሁለት የአፋር ሕፃናት መካከል ተቀምጣለች። አፏ ዙሪያ ነጭ ወተት ነው። አየችኝና እጇን አነሣች።

«እማዬ! ግመል ነካሁ!»

ሌላ ምንም አላለችም። ናፍቀሽኛልም አላለች። መሬት ላይ ተንበርክኬ ታቀፍኳት። ላብ ላብ፣ ወተት ወተት ትሸታለች። አናቷን ሳምኩት። ደጋግሜ ሳምኩት። የቤቱ እመቤት ለእኔም ወተት ይዛ መጣች፤ ጠጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ጠጥቼ አላውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራታችን ወደ ሰመራ ጉዞ ጀመርን። ዘይነባ ከሰይድ ጎን ተቀምጣ እስከ ሚሌ ድረስ ሰደበችው። «መቁጠር ሳትችል ሰው ትጭናለህ? በል ቁጠር፤ ስንት ነን አሁን?» «አራት» ይላል። «ልጂቱንስ ቆጠርካት?» «ቆጠርኳት፣ እማማ።» «እማማ ይልብኛል ደግሞ! እኩያህ ነኝ!» ሶልያና ትስቃለች። እኔም ሳቅኩ።

ሚሌን ካለፍን በኋላ ሰይድ በመስታወቱ አየኝ።

«ልትረግሚኝ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ለምን ተውሽው?»

«አልተውኩትም። ለሚችለው ነገርኩት።»

ትንሽ ቆይቼ «ልጆችህ ማን ይባላሉ?» አልኩት። ወንዱ ሙአዝ፣ ሴቷ ኢክራም ናቸው አለኝ። ኢክራም ጥርስ ማብቀል ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነው።

ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ትርጓሜ ላስተምራችሁ አልጻፍኩም። ከቅዱሱ መጽሐፍ የሚያስቀይማችሁ፣ አንጀታችሁን የሚቆርጥ ቃል ካለ ግን አውቃለሁ፤ ብቻችሁን አይደላችሁም። አልገባኝም ማለት እምነት ማጣት አይደለም። እኔ አራት ዓመት አልገባኝም። ቃሉ ግን ቦታው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ቀድጄው ብሆን ኖሮ፣ በዚያ ቀን ሆዴ ውስጥ የነበረውን ነገር የማስቀምጥበት ቦታ አላገኝም ነበር፤ በአንድ አባት ፊት እበትነው ነበር። አሁንም ቃሉ ያስፈራኛል። ያስፈራኝ ዘንድም ደግ ነው። ግን እግዚአብሔር ጆሮው ከእኔ አፍ እንደሚሰፋ አወቅኩ፤ የሚያስጠላ ጩኸታችንን እንኳ ሰምቶ፣ ጸሎት ብሎ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ የሰጠው አምላክ ነው። ስለዚህ አመሰግነዋለሁ።

በማግሥቱ እሑድ ሶልያናን አዝዬ ሰመራ ቤተ ክርስቲያን ማልጄ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ጸሎት ሊያደርጉልን ቀርበው «የክርስትና ስም?» አሉኝ። የልጄን ነገርኳቸው። መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ሲጸልዩ፣ እኔ ከሥራቸው አንገቴን ደፍቼ የሁለቱን ሕፃናት ስም ለባለቤቱ ለእግዚአብሔር ነገርኩት። መጀመሪያ ሙአዝን፣ ቀጥዬ ኢክራምን።